ተርሚናል ለጀማሪ፦ መጀመሪያ የቆማችሁበትን እወቁ

ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ወዲህ ዊንዶውስ 10 መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ አያገኝም። ማይክሮሶፍት «ወደ 11 እለፉ» ይላል። ለመናገር ቀላል ነው። ዊንዶውስ 11 ግን ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና ብዙም ያላረጀ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ ከብሎኮቹ ስር በተደረደሩት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ውስጥ የሚሠሩት ዴስክቶፖች ብዙዎቹ ይህን አያልፉም። መሀል ከተማ ገብቶ አዲስ መግዛት ደግሞ የዋዛ ብር አይደለም።

ስለዚህ በሰፈራችን ሊኑክስ፣ ማለትም በዊንዶውስ ቦታ የሚጫን ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ የተጫነባቸው ማሽኖች አንድ ሁለት እያሉ ብቅ ብለዋል። ነጻ ነው። የላይሰንስ ጣጣ የለበትም። ሊኑክስ ብዙ ዓይነት አለው፤ ሊኑክስ ሚንትን የመሰሉት ደግሞ አሮጌ ማሽን ላይም ብዙ አይንቀራፈፉም።

የሚከብደው አንድ ነገር እምቢ ያለ ቀን ነው። ኢንተርኔት ላይ መፍትሔ ስትፈልጉ መልሱ ሁሌ ያው ነው፤ «ተርሚናል ክፈትና ይህችን ጻፍ።» እዚህ ጋ ሰው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ጥቁሩን መስኮት አይቶ ይዘጋዋል። ሌላው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ኮፒ ፔስት ያደርጋል። እውነቱን ለመናገር እኔን የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው።

ይህን የምጽፈው ለሁለቱም ነው። አርባ ትእዛዝ አላስሸመድድም። ትእዛዝ የጠፋበት ሰው ጉግል አድርጎ ያገኛል። የት እንዳለ የጠፋበት ሰው ግን ትክክለኛውን ትእዛዝ ያለ ቦታው ይሰጣል። ጀማሪ ሲቸገር ሳይ፣ «ፋይሌ ጠፋ» የሚለው ጩኸትም ሆነ የሚያናድደው የስሕተት መልእክት አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ይኸው ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እንስማማ። ትእዛዞቹ የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ነው። እኔ እዚህ የማስቀምጣቸው በስልክ ለሰው እንደሚነገረው ነው። «ኤል ኤስ» ካልኩ ሁለቱን ፊደላት አጣብቃችሁ ጻፉ። «ስፔስ» ስል ረጅሙን ቁልፍ ንኩ። «ሰረዝ» ስል የመቀነስ ምልክቷን። «ስላሽ» ስል ወደ ቀኝ ያጋደለችውን መስመር (/)። ኪቦርዳችሁ አማርኛ ላይ ከሆነ ወደ እንግሊዝኛ መልሱት። ኡቡንቱ በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዛችሁ ስፔስን ስትነኩ ይቀያየራል።

መስኮቱ ውስጥ ምን አለ?

ኡቡንቱም ሆነ ሚንት ላይ ኮንትሮል፣ ኦልትና ቲ አብረው ሲነኩ ተርሚናል ይከፈታል። መስኮቱ ራሱ ብዙ ሥራ የለውም። የምትጽፉትን ያሳያል፣ የሚመጣውን መልስ ያሳያል። የጻፋችሁትን ተቀብሎ የሚያስፈጽመው ውስጥ ያለው ሼል የሚባል ፕሮግራም ነው። በብዙዎቹ ሊኑክሶች ላይ ይህ ሼል ባሽ ይባላል። ብራያን ፎክስ የተባለ ፕሮግራመር ጽፎት እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣ ነው።

ትእዛዞቹ ለምን እንዲህ አጠሩ? ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ቤል ላብስ በሚባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ውስጥ ዩኒክስ የተባለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም መሥራት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ያኔ ሰው ከኮምፒውተር ጋር የሚነጋገረው በአብዛኛው ቴሌታይፕ በሚባል፣ ወረቀት ላይ በሚያትም መሣሪያ ነበር። ሞዴል 33 የሚባለው በሰከንድ 10 ፊደል ያትማል። በዚያ ፍጥነት እያንዳንዷ ፊደል ጊዜ ትበላለች። ስለዚህ «ኮፒ» የሚለውን አራት ፊደል ከመጻፍ «ሲ ፒ» ብሎ መገላገል ተመረጠ። ሊነስ ቶርቫልድስ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑክስን ሲጀምር የዩኒክስን መንገድ ተከተለ። አጫጭሮቹ ስሞችም አብረው መጡ። ዛሬ እኛ ሃምሳ ዓመት ባለፈው ማሽን የተነሳ ፊደል እየቆጠብን ነው።

አብዛኛው ትእዛዝ ሦስት ክፍል አለው። ምን ይደረግ? እንዴት ይደረግ? በምን ላይ ይደረግ? መካከላቸው ስፔስ አለ። «ኤል ኤስ ስፔስ ሰረዝ ኤል ስፔስ ዶክመንትስ» ማለት «ዘርዝር፣ በሰፊው፣ ዶክመንትስ ውስጥ ያለውን» ማለት ነው። በሰረዝ የሚጀምረው መካከለኛው ክፍል ሁልጊዜ የግድ አይደለም። ዶክመንትስ ደግሞ በትልቁ ዲ መጀመር አለበት። ሊኑክስ ትልቁንና ትንሹን ፊደል ለይቶ ያያል። በትንሹ ዲ ከጻፋችሁት «እንዲህ የሚባል የለም» ይላችኋል፤ እውነቱንም ነው።

የት ነኝ?

ተርሚናሉ ሲከፈት አንድ መስመር ጽፎ ይጠብቃችኋል። የተጠቃሚ ስማችሁ፣ አት ምልክት፣ የኮምፒውተሩ ስም፣ ሁለት ነጥብ፣ የተጠማዘዘች ሰረዝ፣ መጨረሻ ላይ የዶላር ምልክት። ዶላሯ ካለች ተራ ተጠቃሚ ናችሁ፤ ትእዛዝ እየጠበቀ ነው። በእሷ ቦታ ሃሽ ምልክት ካያችሁ ግን የአስተዳዳሪ ሥልጣን ይዛችኋልና እጃችሁን ሰብሰብ አድርጉ። የተጠማዘዘችው ሰረዝ ቲልዳ ትባላለች። ሆም ፎልደራችሁን፣ ማለትም የግል ፋይሎቻችሁ የሚቀመጡበትን፣ ታመለክታለች። ቦታ ስትቀይሩ እሷም ትቀየራለች። ማንም አያያትም እንጂ የት እንዳላችሁ ሁሌም እየተነገራችሁ ነው።

በሙሉው ለማየት «ፒ ደብሊው ዲ» ጽፋችሁ ኢንተር በሉ። «ስላሽ ሆም ስላሽ» ብሎ ስማችሁን ያመጣል። የቆማችሁበት እሱ ነው። ይህች ትእዛዝ ምንም አትነካም፣ ምንም አታጠፋም። ግራ በገባችሁ ቁጥር ጻፏት።

ቀጥሎ «ኤል ኤስ»። ያላችሁበት ፎልደር ውስጥ ምን እንዳለ ትዘረዝራለች። «ሰረዝ ኤል» ሲጨመርባት ባለቤቱን፣ መጠኑንና ቀኑን ታመጣለች። «ሰረዝ ኤል ኤች» ብትሏት መጠኑን በኪሎባይትና በሜጋባይት ታሳጥረዋለች። «ሰረዝ ኤ» ደግሞ የተደበቁትን ታወጣለች። ሊኑክስ ላይ ስሙ በነጥብ የጀመረ ፋይል ሁሉ ድብቅ ነው።

ቦታ የምትቀይሩት በ«ሲ ዲ» ነው። ጀማሪ የሚሰናከለው እዚህ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

እኛ ሰፈር ለእንግዳ አድራሻ በሁለት መንገድ ይነገራል። የሳይቱን ስም፣ የብሎኩንና የቤቱን ቁጥር ከሰጣችሁት ከሳሪስም ይነሳ ከአያት ያገኘዋል። «ከሱቁ አለፍ ብለህ በግራ» ካላችሁት ግን የሚሠራው ሱቁ ጋ ለቆመ ሰው ብቻ ነው። ተርሚናልም ሁለቱን ይቀበላል። በስላሽ የሚጀምር አድራሻ ሙሉ ነው፤ የትም ሆናችሁ ብትጽፉት አንድ ቦታ ያደርሳል። በስላሽ የማይጀምር አድራሻ አሁን ካላችሁበት ይነሳል።

ሆም ላይ ሆናችሁ «ሲ ዲ ስፔስ ዶክመንትስ» ስትሉ ትገባላችሁ። ገብታችሁ ያንኑ ብትደግሙት «ኖ ሳች ፋይል ኦር ዳይሬክተሪ» ይላችኋል። ዶክመንትስ ውስጥ ሌላ ዶክመንትስ ስለሌለ ነው። «ሲ ዲ ስፔስ ቲልዳ ስላሽ ዶክመንትስ» ብትሉት ግን ከየትም ሆናችሁ ይሠራል፤ ቲልዳዋ ሼሉ ዘንድ ሙሉ አድራሻ ሆና ትተካለችና። ይህን መልእክት ባያችሁ ቁጥር ፋይሉን ከመፈለጋችሁ በፊት «ፒ ደብሊው ዲ» በሉ። አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉ ቦታው ላይ ነው። ሌላ ቦታ የሄዳችሁት እናንተ ናችሁ።

ለመመለስ «ሲ ዲ ስፔስ ነጥብ ነጥብ» አንድ ደረጃ ወደ ላይ ያወጣል። «ሲ ዲ» ብቻዋን ወደ ሆም ትመልሳለች። «ሲ ዲ ስፔስ ሰረዝ» ቅድም ወደነበራችሁበት ትወስዳለች። ሦስተኛዋን ብዙ ሰው አያውቃትም፤ ሁለት ፎልደር መሀል ለሚመላለስ ግን ትልቅ እፎይታ ናት።

ዊንዶውስ የለመደ ሰው ሲ ድራይቭና ዲ ድራይቭ ይፈልጋል። እዚህ የሉም። ሁሉም ነገር ከአንዲት ስላሽ ስር ነው ያለው። ፍላሽ እንኳ ስትሰኩ ኡቡንቱና ሚንት «ስላሽ ሚዲያ» ስር፣ በተጠቃሚ ስማችሁ በተሰየመ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጡታል።

አሁን ስለ ታብ። አንድ ነገር ብቻ አስተምር ብባል ከትእዛዞቹ ሁሉ በፊት ታብን እመርጣለሁ። የፎልደሩን የመጀመሪያ ሁለት ሦስት ፊደል ጽፋችሁ ታብን ንኩ። ቀሪውን ራሱ ይሞላዋል። ተመሳሳይ ስሞች ካሉ ሁለቴ ስትነኩት ምርጫውን ይዘረዝራል። ጥቅሙ ጣት ማሳረፍ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሁለቴም ነክታችሁት ምንም ካልመጣ፣ ወይ ፊደሉን ስታችኋል ወይ እዚያ ቦታ አይደላችሁም። ኢንተር ከመምታታችሁ በፊት ታወቀላችሁ ማለት ነው።

ታብ ሌላም ጣጣ ይፈታል። «ሲቪ ፋይናል አዲስ» በሚል ስም የተቀመጠ ፋይል ለሼሉ ሦስት የተለያየ ነገር ነው፤ ስፔስ የሚለያይ ምልክት ነዋ። ስሙን በትእምርተ ጥቅስ ማቀፍ ያስፈልጋል። በታብ ከሞላችሁት ግን ሼሉ ራሱ ያስተካክለዋል። ፋይል በአማርኛ መሰየምም ይቻላል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መለያ ውስጥ አለ፤ ሊኑክስም «ደብዳቤ» የሚል ስም ያለ ችግር ይይዛል። ችግሩ ኪቦርድ መቀያየሩ ነው። እኔ ተርሚናል ላይ ለምነካቸው ፋይሎች በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ያለ ስፔስ፣ በሰረዝ የተያያዘ ስም እመርጣለሁ። ለሌላው እንደ ልባችሁ።

ቀደም ሲል የጻፋችሁትን ለመመለስ ወደ ላይ የምትጠቁመውን ቀስት ንኩ። ሩቅ ከሆነ ኮንትሮልና አር ነክታችሁ የምታስታውሱትን ቁራጭ ጻፉ፤ ፈልጎ ያመጣዋል።

መፍጠር፣ መቅዳት፣ ማዛወር፣ ማጥፋት

«ኤም ኬ ዲ አይ አር» ብላችሁ ስም ስትሰጡ አዲስ ፎልደር ይፈጠራል። ቀላል ነው፤ እንለፈው።

«ሲ ፒ» ትቀዳለች። ሁለት ነገር ትጠይቃለች፤ መጀመሪያ ምኑን፣ ቀጥሎ ወዴት። ፎልደር ከነሆዱ ለመቅዳት «ሰረዝ አር» ይጨመራል። «ኤም ቪ» ታዛውራለች። ስም የሚቀየረውም በእሷው ነው። እዚያው ፎልደር ውስጥ ወደ ሌላ ስም ካዛወራችሁት ስሙ ተቀየረ ማለት ነው።

ሁለቱም አንድ መጥፎ ጠባይ አላቸው። የምትወስዱበት ቦታ ላይ ተመሳሳይ ስም ያለው ፋይል ካለ ሳይጠይቁ ይጽፉበታል። አሮጌው አለቀ። «ሰረዝ አይ» ስትጨምሩ ግን «ልጻፍበት?» ብለው ይጠይቃሉ። በሌላ ሰው ፋይል ላይ የምትሠሩ ከሆነ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላችሁ ሰዎች ማለቴ ነው፣ «ሰረዝ አይ»ን ልማድ አድርጓት።

«አር ኤም» ታጠፋለች። ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አታስቀምጥም። ከሄደ ሄደ ነው። ፎልደር ለማጥፋት «ሰረዝ አር» ትፈልጋለች። «ሰረዝ አር ኤፍ» ስትሆን ደግሞ መጠየቁንም ቅሬታ ማሰማቱንም ትታ ዝም ብላ ትሠራለች። ከአንዲት ስላሽ ጀምሮ ሁሉንም አጥፋ ብትሏት የዛሬዎቹ ሊኑክሶች እምቢ ይላሉ። ሆም ፎልደራችሁን አጥፋ ብትሏት ግን ዓይኗን አታሽም።

ከእሷ ጋር የምትመጣ ኮከብ ምልክት አለች። «ማንኛውም ነገር» ማለት ናት። «ኮከብ ነጥብ ፒ ዲ ኤፍ» ካላችሁ ስማቸው በዚያ የሚያልቅ ፋይሎች ሁሉ ማለት ነው። እጅግ ጠቃሚ ናት። አሁን ይህን ተመልከቱ። «አር ኤም ስፔስ ኮከብ ነጥብ ቲ ኤም ፒ» ጊዜያዊ ፋይሎችን ብቻ ታጠፋለች። ከኮከቧ ቀጥሎ በስሕተት አንዲት ስፔስ ብትገባስ? «ኮከብ» ለብቻው፣ «ነጥብ ቲ ኤም ፒ» ለብቻው ይሆናሉ። መጀመሪያ ያሉትን ፋይሎች በሙሉ ታጠፋለች፤ ከዚያ «ነጥብ ቲ ኤም ፒ የሚባል አላገኘሁም» ብላ ታላግጥባችኋለች። «ሰረዝ አር» ስላልነበረ የሚተርፉት ፎልደሮቹና ድብቆቹ ናቸው።

መከላከያው ቀላል ነው። ልታጠፉ ያሰባችሁትን መጀመሪያ በ«ኤል ኤስ» ጻፉት። የሚዘረዝረውን እዩ። ልክ ከሆነ ቀስቷን ነክታችሁ ያንኑ መስመር መልሱና «ኤል ኤስ»ን ብቻ በ«አር ኤም» ተኩ። የቀረውን አትንኩ።

ፍላሹ ሙሉ በሙሉ ሾርትከት ሲሆን

ይህን ችግር የማያውቅ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ፍላሹን አንድ ቦታ ሰክቶ ወጣ። ቤቱ ሲከፍተው ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነዋል። ከቂሊንጦው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ መመረቂያ ጽሑፉን ይዞ ለፕሪንት የሚሮጥ ልጅ ይህ ሲገጥመው ፊቱን ማየት ይበቃል።

ጽሑፉ ብዙ ጊዜ አልጠፋም። ቫይረሱ እውነተኞቹን ፎልደሮች «ድብቅ» የሚል የዊንዶውስ ምልክት ይለጥፍባቸዋል፤ በቦታቸው ሾርትከት ይተክላል። አንዳንዱ ሁሉንም ሰብስቦ ስሙ ባዶ በሚመስል አንድ ፎልደር ውስጥ ይከታቸዋል። ሾርትከቱን ስትነኩት ቫይረሱም አብሮ ይነሳል። ሊኑክስ ላይ ግን «ኤል ኤስ» ለዚያ የዊንዶውስ ምልክት ደንታ የላትም። ለዊንዶውስ የተጻፈው ቫይረስም እዚህ በራሱ አይነሳም።

ፍላሹን ሰኩ። «ሲ ዲ ስፔስ ስላሽ ሚዲያ ስላሽ» ጽፋችሁ ታብን ንኩ፤ ስማችሁን ይሞላል። እንደገና ታብ፤ የፍላሹን ስም ይሞላል። ኢንተር። አሁን ፍላሹ ላይ ናችሁ። «ኤል ኤስ ስፔስ ሰረዝ ኤል ኤ» በሉ። እውነተኞቹ ፎልደሮች ከነስማቸው ይወጣሉ። «ነጥብ ኤል ኤን ኬ» ብለው የሚያልቁት ሾርትከቶቹ ናቸው።

እዚያው ፍላሹ ላይ ማጽዳት አትጀምሩ። መጀመሪያ ቅዱ። «ኤም ኬ ዲ አይ አር» ብላችሁ ሆም ውስጥ ማስቀመጫ ፍጠሩ፤ ስሙን ለምሳሌ «ቲልዳ ስላሽ ባክአፕ» በሉት። ከዚያ «ሲ ፒ ስፔስ ሰረዝ አር ስፔስ ነጥብ ስፔስ ቲልዳ ስላሽ ባክአፕ»። መካከል ላይ ያለችው አንዲት ነጥብ «አሁን ያለሁበት ቦታ» ማለት ናት። ስሙ ባዶ የሚመስለውም ፎልደር ሳይቀር ሁሉም ይቀዳል፤ በስም መጥራት አያስፈልግም። ነጥቧ ትክክለኛ የምትሆነው ግን ፍላሹ ላይ ከቆማችሁ ብቻ ነው። ሆም ላይ ሆናችሁ ይህንኑ ብትጽፉ ሆማችሁን ትቀዳላችሁ።

ከተቀዳ በኋላ ወደ ባክአፑ ግቡ። ሾርትከቶቹን በ«ኤል ኤስ ስፔስ ኮከብ ነጥብ ኤል ኤን ኬ» እዩ፤ ከዚያ በ«አር ኤም» አጥፉ። «ኢ ኤክስ ኢ» ወይም «ቪ ቢ ኤስ» ብለው የሚያልቁ፣ ባለቤቱ የማያውቃቸው ፋይሎች ካሉ ወደ ዊንዶውስ ማሽን አትመልሷቸው። ጽሑፉን ሊብረኦፊስ በሚባለው ነጻ የቢሮ ፕሮግራም ከፍታችሁ አረጋግጡ። ልጁ ይተንፍስ።

አሁን ፍላሹን ልታስወጡ ትሞክራላችሁ፤ «ሥራ ላይ ነው» ብሎ እምቢ ሊላችሁ ይችላል። ማን ነው የሚጠቀምበት? ተርሚናላችሁ አሁንም ፍላሹ ላይ ቆሞ ከሆነ እናንተው ናችሁ። «ሲ ዲ» ብላችሁ ወደ ሆም ውጡ፤ ከዚያ የማስወጫ ምልክቷን ንኩ። ወደ ፍላሹ የቀዳችሁት ነገር ካለ ደግሞ ከመንቀላችሁ በፊት «ኤስ ዋይ ኤን ሲ» በሉ። ሊኑክስ «ቀድቻለሁ» ካለ በኋላም የተወሰነውን ሚሞሪ ላይ አቆይቶ ቀስ ብሎ ይጽፋል። ይህች ትእዛዝ ጽፎ እስኪጨርስ ትጠብቃለች። መብራት በማይታመንበት ሰፈር ችላ የምትባል አይደለችም።

ሱዱ፣ ኤፒቲና መብራት

ፕሮግራም መጫንና የሲስተም ፋይል መንካት ተራ ተጠቃሚ አይፈቀድለትም። «ፐርሚሽን ዲናይድ» ይለዋል። የአስተዳዳሪ ሥልጣን ለአንድ ትእዛዝ ብቻ የሚሰጠው «ሱዱ» ነው፤ ኤስ፣ ዩ፣ ዲ፣ ኦ። ከትእዛዙ በፊት ይጻፋል። ፓስወርድ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ የጎረቤቴ ልጅ የጠራኝ ትዝ ይለኛል።

«ጋሼ፣ ኪቦርዱ ተበላሸ መሰለኝ። ፓስወርዱን ስጽፍ ምንም አይታይም።»

«አልተበላሸም። ዝም ብለህ ጻፍና ኢንተር በለው።»

«ኮከብ ኮከብ እንኳ አያሳይም እኮ!»

«አያሳይም። ስንት ፊደል እንደሆነ አጠገብህ ያለ ሰው እንዳይቆጥር ነው።»

አንዳንድ ሊኑክሶች ኮከብ ያሳያሉ። የማያሳይ ከገጠማችሁ ግን አትደንግጡ።

ፕሮግራም የሚጫነው በ«ኤ ፒ ቲ» ነው። «ሱዱ ስፔስ ኤ ፒ ቲ ስፔስ አፕዴት» ምን አዲስ እንዳለ ዝርዝሩን ብቻ ታወርዳለች፤ ፕሮግራሞቹን አታድስም። የምታድሰው «አፕግሬድ» ናት። ለመጫን «ኢንስቶል» ብላችሁ የፕሮግራሙን ስም ትጨምራላችሁ። ብዙ ጊዜ ከመጀመሩ በፊት ስንት ሜጋባይት እንደሚያወርድ ይነግራችኋል፤ «ልቀጥል?» ብሎም ይጠይቃል። በሞባይል ዳታ የምትሠሩ ከሆነ ይህችን መስመር ሳታነቡ «ዋይ» አትበሉ። የወሩ ጥቅል በአንድ አፕግሬድ ሊያልቅ ይችላል።

እየጫነ ሳለ መብራት ቢሄድስ? ዴስክቶፕ ከሆነ ይጠፋል። መብራት መጥቶ እንደገና ለመጫን ስትሞክሩ «ዲ ፒ ኬ ጂ ተቋርጧል» የሚል መልእክት ይመጣል፤ ዲ ፒ ኬ ጂ ማለት ኤፒቲ ከስር የሚጠቀምበት ጫኝ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተስፋ ቆርጦ ሲስተሙን ከዜሮ ያስጭናል። ለዚያም ይከፍላል። መልእክቱ እስከ መጨረሻው ቢነበብ ግን መድኃኒቱን ራሱ ይናገራል፤ «ሱዱ ስፔስ ዲ ፒ ኬ ጂ ስፔስ ሰረዝ ሰረዝ ኮንፊገር ስፔስ ሰረዝ ኤ»። እንዳለ ጻፉት፤ ካቆመበት ይጨርሳል። የተርሚናል ስሕተት መልእክት እንግሊዝኛው ደረቅ ቢሆንም ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው የሚናገረው። አንብቡት።

ትልቅ ፋይል ስታወርዱም እንዲሁ። «ደብሊው ጂ ኢ ቲ ስፔስ ሰረዝ ሲ» ብላችሁ ሊንኩን ብትሰጡ ኔትወርክ ወይ መብራት ሲቋረጥ ከዜሮ አትጀምሩም። ፋይሉ ያለበት ሰርቨር ከፈቀደ ከቀረው ይቀጥላል። ነገር ግን ስትቀጥሉ ግማሹ ፋይል ያለበት ፎልደር ውስጥ መሆን አለባችሁ። ዳውንሎድስ ውስጥ የጀመራችሁትን ሆም ላይ ሆናችሁ ብትቀጥሉ አያገኘውም፤ ሙሉውን እንደ አዲስ ያወርዳል። ዳታው ሄደ።

ዲስክ ሞላ ካላችሁ «ዲ ኤፍ ስፔስ ሰረዝ ኤች» የቀረውን ቦታ ታሳያለች። ሚሞሪ ለማየት «ፍሪ ስፔስ ሰረዝ ኤች»። እነዚህ ማየት ብቻ ስለሆኑ ያለ ስጋት ሞክሯቸው።

ቁልፎች ላይ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። ኮንትሮልና ሲ እዚህ ኮፒ አያደርግም፤ እየሠራ ያለውን ትእዛዝ ያቋርጣል። ለኮፒ ሺፍት ይጨመርበታል። ኮንትሮልና ኤስ ደግሞ «ሴቭ» አይደለም። ስክሪኑን ያቆመዋል፤ ኮምፒውተሩ የተሰቀለ ይመስላችኋል። ኮንትሮልና ኪው ሲነኩ ይለቃል።

ከቴሌግራም የተላከ ትእዛዝ

በግሩፕ «ይህን ተርሚናል ላይ ለጥፍ፣ ኮምፒውተርህ ይፈጥናል» የሚል ሲመጣ ከመለጠፋችሁ በፊት በስፔስ በስፔስ ቆርጣችሁ አንብቡት። መጀመሪያ ላይ «ሱዱ» ካለ ሙሉ ሥልጣን እየሰጣችሁ ነው። «አር ኤም» ካለ የሚጠፋ ነገር አለ፤ ምኑ? «ዲ ዲ» ካለ ዲስክ ላይ በቀጥታ ሊጽፍ ይችላል፤ የዲስኩ ስም በአንዲት ፊደል ከተሳተ ያለው ሁሉ ይጠፋል። የማታውቁትን ቃል ስታገኙ «ኤም ኤ ኤን ስፔስ» ብላችሁ የትእዛዙን ስም ጻፉ። ያለ ኢንተርኔት ሙሉ መመሪያውን ያወጣል። ለመውጣት ኪውን ንኩ። መመሪያው ረጅምና ደረቅ ነው፤ ማንም ከዳር እስከ ዳር አያነበውም። የፈለጋችሁትን ሰረዝ ብቻ ፈልጋችሁ ውጡ። አጠር ያለ ከፈለጋችሁ ከትእዛዙ ቀጥሎ «ሰረዝ ሰረዝ ሄልፕ» በሉ።

ማክ ያላችሁ፣ ሼላችሁ ዚ ኤስ ኤች ቢባልም የቦታና የፋይል ትእዛዞቹ ከላይ ያሉት ናቸው፤ ኤፒቲ ግን የለም። ዊንዶውስ ላይ ያላችሁ ፓወርሼልን ብትከፍቱ «ሲ ዲ»፣ «ኤል ኤስ» እና «ፒ ደብሊው ዲ» ይሠራሉ፤ ሰረዞቹ ግን ስለሚለያዩ ከዚያ በላይ አትተማመኑበት። ኮምፒውተር የሌላችሁ አንድሮይድ ስልክ ላይ ተርመክስ የሚባለውን አፕ ጭናችሁ መለማመድ ትችላላችሁ። እዚያ «ፒ ደብሊው ዲ» ስትሉ «ስላሽ ዳታ» ብሎ የሚጀምር ረጅም አድራሻ ይመጣል፤ አፑ የራሱ ክልል ውስጥ ስላለ ነው። ሱዱም አያስፈልገውም። የስልኩን ፎቶና ዳውንሎድ ለማየት «ተርመክስ ሰረዝ ሴታፕ ሰረዝ ስቶሬጅ» ብላችሁ ፈቃድ ስጡት፤ ሆም ውስጥ «ስቶሬጅ» የሚል ፎልደር ይፈጥርላችኋል። በዚያ የምትገቡባቸው ፋይሎች የስልካችሁ እውነተኛ ፋይሎች ናቸው፤ «አር ኤም»ን እዚያ ባትለማመዱ ይሻላል።